ጄኔራል ታደሰ ብሩና የሕግ ቃል

ከናዝሬት፥ በዛሬ ስሟ ከአዳማ፥ ወደ አሰላ የሚጓዝ መንገደኛ ዴራንና ኢተያን ሳያይ አያልፍም። በእነዚህ ከተሞች የተደረጉ ስብሰባዎች የአንድን ጄኔራል ዕድል እንደ ለወጡ የሚያውቅ ወጣት ግን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ዛሬ የብርጋዴር ጄኔራል ታደሰ ብሩን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን።

ጄኔራል ታደሰ በሰላሌ ተወልደው በፖሊስ ሠራዊት ከማዕርግ ወደ ማዕርግ የወጡ፥ የፈጥኖ ደራሽ አዛዥ ለመሆን የበቁ መኮንን ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆሙ። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ የጦር ትምህርት ሲማሩ ካሠለጠኗቸው አንዱ እርሳቸው ነበሩ። መሃይምነትን ለማጥፋት የተጀመረውንም ዘመቻ መርተዋል።

በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ ትምህርት ቤት፥ መንገድና ክሊኒክ እንዲሠራ ይጥር ነበር። ጄኔራሉ በ1956 ዓ.ም. ገቡበት። በ1958 ዓ.ም. በኢተያ፥ ቀጥሎም በዴራ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሲሰበሰብ የመንግሥት ጥርጣሬ በረታ። በኅዳር 1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሲኒማ ኢትዮጵያ ቦምብ ፈነዳ፤ የማኅበሩ መሪዎች ታሠሩ፤ ማኅበሩም ታገደ። ጄኔራሉ በመንግሥት ላይ ለማመፅ አድመዋል ተብለው ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ተለውጦ በገለምሶ በግዞት ተቀመጡ። አብዮቱ ፈታቸው፤ ደርግ ግን በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ገደላቸው።

ጄኔራሉ በእርግጥ አድመው ነበርን? ይህን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወዋለን። እኛ የምንለው ስለ ሕጉ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን አድማውንና ቅስቀሳውንም ይቀጣ ነበር። እንዲህ ያለ ሕግ ቃሉ ሲሰፋ፥ ቦምብ የወረወረውና ስብሰባ የጠራው በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ።

አሳቡም ስም እየለወጠ ተመልሷል። የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ሽብርን ማበረታታት የሚለውን ወንጀል ሲያስገባ፥ የተነገረውን ቃል ሰሚው እንዴት ሊረዳው ይችላል በሚል ግምት ያስቀጣ ነበር። አቶ በቀለ ገርባ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ከአዳማ ተይዘው በዚሁ አዋጅ ተከሰሱ፤ በ2010 ዓ.ም. ክሱ ተቋርጦ ተፈቱ። አዋጁም በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ።

ነገ በዳኝነት ወንበርና በወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትቀመጡ ወጣቶች ሆይ፥ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዘውዱ በታኅሣሥ የጠበቀውን መኮንን በስድስት ዓመት ውስጥ በጠላትነት ቆጠረው። ወዳጅን ከጠላት መለየት የማይችል ሕግ መንግሥትን አይጠብቅም።