በቧንቧ ውሃ የተገኘው ምስጢር፦ ሐኪሙ ሲድኒ ሪንገር

በዲራ ገበያ ሲዘዋወሩ ሙቀቱ አዳክሞዎት ሐኪም ቤት ገብተው ከሆነ፣ ምናልባት በደም ሥርዎ «ሪንገር ላክቴት» የተባለ ፈሳሽ ተሰጥቶዎት ይሆናል። ሪንገር የሰው ስም መሆኑንስ ያውቃሉ?

ሲድኒ ሪንገር እ.ኤ.አ. በ1835 በእንግሊዝ ኖርዊች ከተማ ተወለደ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል ሐኪም ሆኖ ሠራ። በ1882 ከእንቁራሪት የወጣ ልብ በጨው ውሃ ውስጥ መምታቱን እንደሚቀጥል ጽፎ አሳተመ። በኋላ ግን ጨዉ የተበጠበጠው በተጣራ ሳይሆን በቧንቧ ውሃ እንደነበር ደረሰበት። በተጣራ ውሃ ሲደግመው ልቡ ብዙም ሳይቆይ ደከመ። ልዩነቱን ያመጣው በቧንቧው ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ነበር።

ሪንገር ስህተቱን አልደበቀም፤ በ1883 ራሱ አርሞ አሳተመው። ካልሲየም ልብን እንደሚያኮማትር፣ ፖታሲየም ደግሞ ይህን ኃይል ልክ እንደሚያስይዝ አሳየ። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ወደ ሕዋስ የገባ ካልሲየም አንዳንድ የፖታሲየም በሮችን ይከፍታል፤ ፖታሲየሙ ሲወጣም ሕዋሱ ይረጋጋል።

ሪንገር በ1910 ዐረፈ። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም አሌክሲስ ሃርትማን በፈሳሹ ላይ ላክቴት ጨመረበት። እርስዎን ያበረታው ከረጢት እንግዲህ፣ አንድ ሐኪም ተሳስቻለሁ ለማለት ባለማፈሩ የተገኘ ነው።