ርቀትን በሽቦ ያቀረቡት ንጉሥ

ሰቆጣ፡ ታኅሣሥ 3/2017 ዓ.ም

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ነበር። ስማቸው ሲነሳ ዓድዋ ይቀድማል፤ የዋግ ሰውም በዋግሹም ጓንጉል መሪነት የዘመተበት የወል ታሪክ ነውና። ይሁን እንጂ ዛሬ ከፃግብጂ ገበሬ እስከ ሰቆጣ ነጋዴ በየኪሱ የያዘው ስልክም ወደዚህች ምድር የገባው በእኚሁ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ በአጼ ቴዎድሮስ እጅ ገብተው እስከ 1857 ዓ.ም በመቅደላ ቆዩ፤ ከዚያም አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ። በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ በክፉ ቀን ተይዛ ነበር። የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶት ማሳው ጾም አድሮ ነበርና ንጉሡ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። በዚያ ዘመን የወገን መርዶም ሆነ የእህል ወሬ የሚደርሰው በእግረኛና በፈረሰኛ ፍጥነት ብቻ ነበር።

ራስ መኮንን ከኢጣሊያ ጉዟቸው ስልክ ይዘው የተመለሱት በዚያው ወቅት ነው። እንደሚነገረው አንዳንድ ካህናት ሰው ሳይታይ ድምፅ የሚያሰማውን መሣሪያ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃውመው ነበር፤ ምኒልክ ግን አልተቀበሏቸውም። በ1886 ዓ.ም 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረር–አዲስ አበባ መስመር ዝርጋታ ተጀመረ። በ1890ዎቹ አጋማሽም ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘረጋ።

የዚያ ዘመን ስልክ አሠራር ቀላል፣ ገደቡም ግልጽ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ሽቦ ለእነርሱ ብቻ ይያዛል፤ ዝም ቢሉ እንኳ እስኪዘጉት ድረስ ለሌላ አይሰጥም። በአንድ በሬ ብቻ እንደሚተዳደር መንደር፣ ተራ መጠበቅ ግድ ነው። መስመር ተይዟል የሚለው አባባል የመጣውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ መስመሩ ጥቂት በሆነበት አገር ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ቅድሚያው የቤተ መንግሥቱ ነበር። የዛሬዎቹ ፈጣን ኔትወርኮች መልእክትን በጥቃቅን ቁራጭ ከፍለው የብዙ ሰዎችን በአንድ መስመር ያሳልፋሉ። እንዲያም ሆኖ መንገዱ ሲጨናነቅ የመዳረስ ጥያቄ እንደገና ይመጣል።

ምኒልክ በመጨረሻ ዓመታቸው በሕመም ተይዘው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም አረፉ። የሞታቸው ዜና ግን ለረጅም ጊዜ ከሕዝብ ተሰውሮ ቆየ። ሽቦው ተዘርግቶ ነበር፤ ገበሬው ግን የንጉሡን መርዶ የሰማው በሹክሹክታ ነው። ርቀትን ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ ወሬው ለሁሉም እኩል እንዲደርስ ማድረግ ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያውን ምኒልክ ጀምረውታል፤ ሁለተኛው ለተከታዩ ትውልድ የተተወ ሥራ ነው።