ቤትን ያስጌጠው ሸክላ ሠሪ

ወደ ሰው ቤት የገባ እንግዳ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ የሚመለከተው በመደርደሪያው ላይ ያለውን ጌጥ ነው። ስለዚህ የቤት ጌጥ ከባለቤቱ አስቀድሞ ይናገራል። ይህን ጠንቅቀው ካወቁት ሰዎች አንዱ ስመ ጥሩው እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅዉድ ነበር።

ዌጅዉድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1730 ዓ.ም. በስታፎርድሺር፣ በርስለም በምትባል የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ተወለደ። አባቱ ሲሞት ገና የ9 ዓመት ልጅ ስለ ነበረ ከወንድሙ ዘንድ ሥራ ገባ። ጥቂት ቈይቶም ፈንጣጣ ያዘው፤ ነፍሱ ብትተርፍም ቀኝ ጉልበቱ ተጐዳ። የሸክላ መሥሪያው መንኰራኵር በእግር እየተገፋ የሚዞር ነበርና፣ ለሸክላ ሠሪ እግር ማጣት እንጀራ እንደ ማጣት ነበር። እርሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ አፈርን ከአፈር እያዋሐደ ይመረምር፣ የሙከራውንም ውጤት በደብተር ይጽፍ ጀመር።

በ1759 የራሱን ሥራ አቋቋመ። በ1765 ለንግሥት ሻርሎት የሻይ ዕቃ ሠርቶ ስላስደሰታቸው፣ ያ ወደ ቅቤ መልክ የሚያደላው ሸክላ በንግሥቲቱ ማዕርግ እንዲጠራ ተፈቀደለት። ከዚያ ወዲህ ባለ መካከለኛ ኑሮው ሁሉ ቤተ መንግሥት የገባውን ዓይነት ዕቃ በቤቱ ለማኖር ተሽቀዳደመ።

በ1768 የታመመው እግሩ ተቈረጠ፤ ዘመኑም ማደንዘዣ ያልታወቀበት ነበር። ሆኖም በሚከተለው ዓመት በእንጨት እግር ቆሞ ኤትሩሪያ ብሎ የሰየመውን ፋብሪካ ከፈተ። በዚያም ከሸሪኩ ከቶማስ ቤንትሊ ጋር ለአዳራሽ ጌጥ የሚሆኑ ማሰሮዎችን አወጣ። በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ምስል የሚታይበትን፣ ጃስፐር የተባለውን ሸክላ ለማግኘት ያደረገው ሙከራ በሺሕ የሚቈጠር ነበር። ለሩሲያ ንግሥት ለዳግማዊት ካትሪን የታዘዘውንም 952 ዕቃ ያለበት የገበታ ዕቃ በ1774 በሎንዶን ለተመልካች አሳየ። የእቶን ሙቀት መለኪያ በመሥራቱም በ1783 የሎንዶን ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ።

ሀብትና ክብር ከሞሉለት በኋላ ግን አንድ ከባድ ነገር ገጠመው። በእርሱ ስኒዎች የሚቀዳው ሻይ ይጣፍጥ የነበረው በባሮች ጕልበት በለማ ሸንኰራ ስኳር ነበር። ስለ ባሪያ ንግድ መናገር ብዙ ደንበኛን ሊያስቀይም ይችል ነበር። ዌጅዉድ ግን ዝም አላለም። በ1787 ንግዱን ለማስቀረት በተቋቋመው ማኅበር ኮሚቴ ገባ፤ በሰንሰለት ታስሮ የተንበረከከ አፍሪቃዊ የሚታይበትን ትንሽ የሸክላ ሜዳልያም ሠርቶ በገዛ ገንዘቡ በነጻ አደለ። ወይዛዝርት በአምባርና በፀጕር ጌጥ፣ መኳንንትም በሱረት ሣጥናቸው ላይ አደረጉት። በዚህም ጌጥ የነበረው ነገር ምስክር ሆነ።

ዌጅዉድ በጥር ወር 1795 ሞተ። የብሪታንያ ምክር ቤት የባሪያን ንግድ የከለከለው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1807 ስለ ሆነ ድሉን በዓይኑ አላየም።

አዲስ ቤት ይዞ መደርደሪያውን በጌጥ ለመሙላት የሚያስብ ወጣት ከዚህ ሰው ሕይወት የሚማረው አለ። የጌጥ ዋጋ በውድነቱና በብዛቱ ብቻ አይለካም። ማን ሠራው? በማን ድካም ተገኘ? ለእንግዳስ ምን ይነግረዋል? ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ቤቱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ጌጡ አያሳፍረውም።