ሉዊ ፓስተር፤ ሕይወቱና ሥራው

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በጉለሌ አካባቢ፣ ሕዝቡ «ፓስተር» ብሎ የሚጠራው ሥፍራ አለ። ስሙን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች የሃይማኖት አባት መጠሪያ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን አይደለም። ስሙ ቀድሞ በዚያ ተቋቁሞ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት የተወረሰ ነው። በዚህ የሕክምና ምርምር ግቢ ለብዙ ዓመታት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ሲዘጋጅ ኖሯል። ኢንስቲትዩቱ በስሙ የተሰየመለት ሰው ግን ኢትዮጵያን አይቶ አያውቅም፤ ሐኪምም አልነበረም። የኬሚስትሪ መምህር ነበር። የኬሚስትሪ መምህር የነበረ ሰው ባበደ ውሻ ለተነከሱ ሰዎች እንዴት ተስፋ ሊሆን ቻለ?

ሉዊ ፓስተር በዲሴምበር 27 ቀን 1822 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) በምሥራቅ ፈረንሳይ ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሌዎን ጦር ውስጥ ያገለገለ ወታደር ነበር፤ ከጦሩ ከተሰናበተ በኋላ ቆዳ እያለፋ ይተዳደር ጀመር። ቤተሰቡ ኋላ ወደ አርብዋ ከተማ ስለ ተዛወረ ሉዊ ያደገው በዚያ፣ የሚለፋ ቆዳ ሽታ በማይለየው ቤት ውስጥ ነው። በትምህርቱ መካከለኛ ነበር፤ ጎልቶ የታየው በሥዕል ችሎታው ነው። የእናቱንና የአባቱን መልክ የሣለባቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። በ1838 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ፓሪስ ቢላክም የቤቱን ናፍቆት አልቻለውም፤ የቆዳው ሽታ እንኳ ሳይቀር ናፈቀው። አባቱም ሄዶ ወደ አገሩ መለሰው። ዝነኛ የሆነ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ጽኑ ነበር ብሎ የሚያስብ ተማሪ ቢኖር ይህን ልብ ይበል።

ከልጅነት ዘመኑ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። በ1831 ዓ.ም. አንድ ያበደ ተኩላ በአርብዋ አካባቢ እየተዘዋወረ ሰዎችን ነከሰ። የተነከሱት ሰዎች ወደ ብረት ቀጥቃጩ ቤት እየተወሰዱ ቁስላቸው በጋለ ብረት ይተኮስ ነበር፤ በዚያን ዘመን ከዚህ ሌላ መድኃኒት አልነበረም። ያም ሆኖ የሞቱ ነበሩ። ሉዊ በጊዜው የስምንት ዓመት ልጅ ነበር።

በ1843 ዓ.ም. በፓሪስ ከፍተኛው የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ኬሚስትሪ አጠና። የመጀመሪያው ትልቅ ግኝቱ በ1848 ዓ.ም. የተገኘ ሲሆን፣ በወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ ከሚጋገረው ዝቃጭ የሚወጣውን አሲድ የሚመለከት ነበር። ፓስተር የአንዱን ዓይነት አሲድ ጨው ደቃቅ ክሪስታሎች በማይክሮስኮፕ እየተመለከተ በወረንጦ ለየ፤ ግማሾቹ የግማሾቹ የመስታወት ምስል ሆነው ተገኙ፤ ልክ ቀኝ እጅ ለግራ እጅ እንደሚሆነው ማለት ነው። ይህ ግኝት በሊቃውንት ዘንድ አስመሰገነው እንጂ በጊዜው ለገበሬውም ሆነ ለነጋዴው የፈየደው ነገር አልነበረም። ለፓስተር ግን ማይክሮስኮፑን የማመንንና ጥቃቅኑን ነገር ሳይሰለቹ የመመልከትን ልማድ አተረፈለት።

በ1854 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በሊል ከተማ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኖ ተሾመ። ሊል የፋብሪካ ከተማ ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ ቢጎ የሚባል አንድ የፋብሪካ ባለቤት ወደ እርሱ መጣ። ልጁ የፓስተር ተማሪ ነበር። ቢጎ ከስኳር ቀይ ሥር ጭማቂ አልኮል ያወጣ ነበርና አንዳንዱ በርሜል ያለምክንያት እየኮመጠጠ ኪሳራ ላይ ጣለው። ፓስተርም ወደ ፋብሪካው እየተመላለሰ ከደህናውም ከተበላሸውም በርሜል ናሙና ወሰደ። በደህናው ውስጥ ክብ ክብ የሆኑ የእርሾ ሕዋሳት ታዩት፤ በተበላሸው ውስጥ ግን ከእነርሱ በጣም ያነሱ፣ እንደ በትር የቀጠኑ ሌሎች ነገሮች ይርመሰመሱ ነበር።

በእኛ አገር ሊጥ የምታቦካ ወይም ጠላ የምትጠነስስ እናት እርሾ ካልጨመረች ሥራው እንደማይሠራ ታውቃለች። በፓስተር ዘመን የነበሩ ታላላቅ ኬሚስቶች ግን መብላላት ሕይወት የሌለው የኬሚካል መፈራረስ ብቻ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ፓስተር ከበርሜሎቹ ተነሥቶ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን፣ እያንዳንዱም የመብላላት ዓይነት የራሱ ረቂቅ ሕዋስ እንዳለው አሳየ። የአንድ ነጋዴ ኪሳራ የሳይንስን ትምህርት ለወጠ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎም እነዚህ ረቂቅ ሕዋሳት ከየት ይመጣሉ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ብዙዎች ከበሰበሰ ነገር በራሳቸው ይፈጠራሉ ይሉ ነበር። ፓስተር አንገቱ እንደ ዳክዬ አንገት የተቆለመመ የመስታወት ጠርሙስ አሠርቶ በውስጡ መረቅ አፈላ። አየር እንደ ልቡ ይገባል፤ አቧራው ግን በተቆለመመው አንገት ላይ ይቀራል። መረቁ ሳይበላሽ ቆየ። አንገቱ ሲሰበር ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሻገተ። እንግዲህ ብልሽቱ የሚመጣው ከአቧራ ጋር ከሚበሩት ሕዋሳት ነው። ፓስተር ይህን ዕውቀት ወዲያው ለሥራ አዋለው፤ የወይን ጠጅን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በማሞቅ ጣዕሙ ሳይጠፋ ከመበላሸት ማዳን እንደሚቻል አስረዳ። በኋላ ዘመን ለወተት የዋለውና በስሙ የሚጠራው ዘዴ ከዚህ የመነጨ ነው።

በ1865 ዓ.ም. የቀድሞ መምህሩ ዱማ አንድ ያልተጠበቀ ጥያቄ አቀረበለት። በደቡብ ፈረንሳይ የሐር ትል በበሽታ እያለቀ ነበር። በ1853 ዓ.ም. 26 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ገደማ የነበረው ምርት ወደ 4 ሚሊዮን ገደማ ወርዶ፣ በእንጆሪ ዛፍና በሐር ትል የሚኖሩ ገበሬዎች ደኽይተዋል። በትሎቹ ቆዳ ላይ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ይታይ ነበር። ፓስተር የሐር ትል በእጁ ነክቶ አያውቅም። ወደዚያ ሲሄድ የነፍሳት ሊቅ የነበረውን ፋብርን ጎብኝቶ፣ ትሉ ከሐር የሚሠራውን ጎጆ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀና ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀ። ፋብር የሐር ትል ሐኪም ሆኖ የመጣው ሰው ትሉ በጎጆው ውስጥ ወደ ቢራቢሮ እንደሚለወጥ እንኳ አለማወቁን ሲያይ ተገረመ።

አሌስ በምትባለው ከተማ ሥራውን እንደ ጀመረ አባቱ መሞቱን የሚገልጽ ወሬ ደረሰው። በዚያው ዓመት የሁለት ዓመት ሴት ልጁ ካሚይ ሞተች። በ1866 ዓ.ም. ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሴሲል በታይፎይድ አረፈች፤ የመጀመሪያ ልጁ ዣንም በ1859 ዓ.ም. በዚሁ በሽታ ሞታ ነበር። ከአምስት ልጆቹ ሦስቱ ተቀበሩ። ፓስተር ከቀብር ወደ ሐር ትሎቹ ይመለስ ነበር፤ ባለቤቱ ማሪና የቀሩት ልጆቹም አብረውት ትል ይለቅሙ፣ ይመግቡ ጀመር።

ሥራው በስሕተት የተሞላ ነበር። በመጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ያያቸውን ደቃቅ ነገሮች የበሽታው ምልክት እንጂ ምክንያት አይደሉም ብሎ ገመተ፤ ተሳሳተ። በኋላም በሽታው አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ከአንዱ የነጹ ትሎች በሌላው እያለቁ ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋቡት ቆዩ። በመጨረሻ ያገኘው ዘዴ ግን ማንኛውም ገበሬ ሊሠራበት የሚችል ነበር። እያንዳንዷ ቢራቢሮ ለብቻዋ በጨርቅ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ከዚያም ቢራቢሮዋ ተፈጭታ በማይክሮስኮፕ ትመረመራለች። በአካሏ ውስጥ ደቃቆቹ ነገሮች ከተገኙ እንቁላሉ ይቃጠላል፤ ካልተገኙ ለዘር ይቀመጣል። በኦክቶበር 1868 ዓ.ም. ፓስተር በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ዕድሜው 45 ዓመት ነበር። ብዙዎች ይሞታል ብለው ሲጠብቁ፣ ሦስት ወር ያህል ከቆየ በኋላ ተደግፎ ባቡር ተሳፈረና ወደ ሐር ትሎቹ አገር ሄደ።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ እንስሳትና ወደ ሰው በሽታ መለሰ። በ1879 ዓ.ም. የዶሮ ኮሌራን ሲያጠና፣ ያረጀ የበሽታ ሕዋስ የተወጉ ዶሮዎች ጥቂት ታመው እንደሚድኑ፣ ኋላም ኃይለኛው ሕዋስ ቢወጋቸው እንደማይሞቱ ተገነዘበ። የተዳከመ በሽታ ከብርቱው በሽታ ይከላከላል ማለት ነው። እንግሊዛዊው ጄነር በ1796 ዓ.ም. የላም ፈንጣጣ ከሰው ፈንጣጣ እንደሚከላከል አሳይቶ ነበር፤ ፓስተር የጨመረው ክትባቱ በቤተ ሙከራ ሊዘጋጅ መቻሉን ነው።

አባ ሰንጋ ለእኛ አገር አርቢ እንግዳ አይደለም። በፈረንሳይም በጎችንና ላሞችን ይፈጅ ስለ ነበር ገበሬዎች አንዳንዱን መስክ የተረገመ ነው ይሉ ነበር። የበሽታውን ሕዋስ ጀርመናዊው ኮክ በ1876 ዓ.ም. በግልጽ አሳይቷል። ፓስተር ክትባት አግኝቻለሁ ባለ ጊዜ የእንስሳት ሐኪሞች በአደባባይ ያሳየን አሉት። በሜይ 1881 ዓ.ም. በፑዪ ለ ፎር መንደር 48 በጎች፣ 2 ፍየሎችና 10 የቀንድ ከብቶች ቀረቡ። ከእነዚህ 24 በጎች፣ 1 ፍየልና 6 ከብቶች ሁለት ጊዜ ተከተቡ። በሜይ 31 ቀን ኃይለኛው ሕዋስ ለሁሉም ተሰጠ። በጁን 2 ቀን ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ሲያይ የተከተቡት በጎች ሣር ይግጣሉ፤ ካልተከተቡት በጎች አብዛኞቹ ሞተው በተራ ተጋድመዋል፤ የቀሩትም እስከ ማታ ድረስ ሞቱ።

ስለዚህ ቀን እውነቱ ተሟልቶ የታወቀው ግን ከረጅም ዘመን በኋላ የፓስተር የግል ማስታወሻ ደብተሮች ሲመረመሩ ነው። ፓስተር ክትባቱ ሕዋሱን በአየር በማዳከም የተዘጋጀ እንደሆነ ሰው እንዲያስብ አድርጎ ነበር፤ በመንደሩ የተሠራበት ግን ረዳቱ ሻምበርላን በኬሚካል ያዘጋጀው ክትባት ነው። ይህም የቱሉዝ ከተማ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ቱሳን አስቀድሞ ካገኘው ዘዴ ጋር ይቀራረባል። በጎቹን ያዳነው ሥራ እውነተኛ ነው፤ ለቱሳን ሊሰጥ የሚገባው ምስጋና ግን አልተሰጠም። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ይህን ቢደብቅ ተገቢ አይሆንም።

የእብድ ውሻ በሽታ ከሁሉ የከበደው ነበር። የበሽታው ምክንያት በዘመኑ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ቫይረስ በመሆኑ ፓስተርና ረዳቶቹ ያላዩትን ጠላት ይዋጉ ነበር። በበሽታው የሞተች ጥንቸል ሕብለ ሰረሰር በደረቅ አየር ውስጥ ተሰቅሎ ሲቆይ መርዙ ከቀን ወደ ቀን ይደክማል። በሽታው ደግሞ ከንክሻው በኋላ እስኪነሣ ድረስ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ በዚህ መካከል ከደካማው ጀምሮ ወደ ብርቱው እያሳደጉ ቢከትቡ ሰውነት ቀድሞ ይዘጋጅ ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣ። በውሾች ላይ ተሞከረ፤ በሰው ላይ ግን አስፈሪ ነበር።

በጁላይ 6 ቀን 1885 ዓ.ም. አንዲት እናት ከአልሳስ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ዮሴፍ ማይስተርን ይዛ መጣች። ልጁን ከሁለት ቀን በፊት ያበደ ውሻ በእጁና በእግሩ ላይ ደጋግሞ ነክሶታል። ፓስተር ሐኪም ባለመሆኑ ሰውን በመርፌ ለመውጋት ሕግ አይፈቅድለትም፤ በውሾች ላይ የጀመራቸውም ሙከራዎች ሁሉም አልተጠናቀቁም። ዝም ቢል ልጁ ሊሞት ይችላል፤ ቢከተብና ቢሞት ደግሞ ገዳዩ እርሱ ሊሆን ነው። ሐኪሞቹን ቩልፒያንንና ግራንሼን አማከረ፤ ሁለቱም ይከተብ አሉ። በዚያው ምሽት ግራንሼ ልጁን ወጋው። በአሥር ቀን ውስጥ 13 ጊዜ ተወጋ። የመጨረሻዎቹ መርፌዎች ብርቱ መርዝ የያዙ ስለ ነበሩ ፓስተር በእነዚያ ሌሊቶች እንቅልፍ አልነበረውም። ልጁ ግን አልታመመም።

በዚያው ዓመት ሉዊዝ ፔልትዬ የምትባል ልጅ ከተነከሰች ከ37 ቀን በኋላ መጣች። ፓስተር ጊዜው ማለፉን ያውቅ ነበር፤ የወላጆቿን ልመና እምቢ ማለት ግን አልቻለም። ሞተች፤ ተቃዋሚዎቹም ክትባቱ ገደላት ብለው ጮኹ። በማርች 1886 ዓ.ም. ደግሞ ከሩስያ፣ ከስሞሌንስክ አውራጃ፣ ያበደ ተኩላ የነከሳቸው 19 ሰዎች ፓሪስ ደረሱ። ከእነርሱ 16ቱ ድነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚህ በኋላ ከየአገሩ ገንዘብ ተዋጥቶ በኖቬምበር 14 ቀን 1888 ዓ.ም. የፓስተር ኢንስቲትዩት በፓሪስ ተከፈተ። ፓስተር በዚያን ጊዜ ደክሞ ስለ ነበር የምረቃውን ንግግር ልጁ አነበበለት።

በሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 ዓ.ም. በ72 ዓመቱ ከፓሪስ አጠገብ አረፈ። አስከሬኑ በኢንስቲትዩቱ ሕንፃ ሥር በተሠራ መቃብር ውስጥ ተቀምጧል። ዮሴፍ ማይስተርም ካደገ በኋላ በዚያው ኢንስቲትዩት ተቀጥሮ በ1940 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ቀን ድረስ በር ጠባቂ ሆኖ አገለገለ።