እቴጌ ምንትዋብ እና የቁስቋሙ ፈንጣጣ

በዚህ እትም በታዋቂ ሰዎች ዓምድ የማቀርብላችሁ የጎንደሯን ንግሥት እቴጌ ምንትዋብን ነው። ስለ ውበታቸውና ስላሠሯቸው ሕንፃዎች ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። እኔ ግን ቤታቸው ድረስ ስለገባ አንድ ጠላት ጭምር እነግራችኋለሁ። ጠላቱ ፈንጣጣ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ይባላል። ዐፄ በካፋን አግብተው ኢያሱን ወለዱ። በ1723 ዓ.ም. ዐፄ በካፋ ሲሞቱ ኢያሱ ገና ልጅ ነበር። ስለዚህ እሳቸውም ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አገር መሩ። ከከተማችን በላይ ባለው ኮረብታ የደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ። ጣና ሐይቅ ላይ፣ ደቅ ደሴት ያለችው ናርጋ ሥላሴም የእሳቸው ሥራ ናት።

በኋላ ግን ሐዘን በሐዘን ላይ መጣባቸው። በ1747 ዓ.ም. ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ሞቱ። የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስም በ1761 ዓ.ም. ተገደሉ። ሥልጣኑ ከእጃቸው ወጥቶ ወደ ራስ ሚካኤል ስሑል ሄደ።

በ1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ተጓዥ ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ ፈንጣጣ ቁስቋም ግቢ ገብቶ የእቴጌይቱ የልጅ ልጆች ታመው ነበር። ብሩስ ትንሽ ሕክምና ያውቅ ስለነበር ልጆቹን እንዲያይ ተጠራ። በርና መስኮቱን አስከፈተ፤ ክፍሉን በሞቀ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ፤ ዕጣንና ከርቤም አስጨሰ። አንዳንዶቹ ታማሚዎች ዳኑ፣ አንዳንዶቹ ሞቱ። ንጹሕ አየርና ንጹሕ ቤት ታማሚውን ያግዛሉ፤ ፈንጣጣን የሚያድን መድኃኒት ግን በዓለም ላይ አልነበረም።

እስቲ አስቡት! ዘውድ አላቸው፣ ወርቅ አላቸው፣ የድንጋይ ግንብ አላቸው። ግን ዛሬ አንድ ጤና ኬላ በነፃ የሚሰጠውን ክትባት የመሰለ ነገር አልነበራቸውም።

እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ። ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1788 ዓ.ም.፣ ኤድዋርድ ጄነር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የላም ፈንጣጣ የያዛቸው አላቢዎች በሰው ፈንጣጣ እንደማይያዙ ተረዳ። ከዚያች ቀላል በሽታ ቁስል ወስዶ የ8 ዓመት ልጅ ከተበ፤ ልጁም ፈንጣጣ አልያዘውም። ክትባት እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ሰውነታችን የጠላቱን መልክ ቀድሞ ያውቃል፣ እውነተኛው ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

በአገራችን ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ። ከታቢዎቹ መኪና በማይደርስበት ደጋ በእግርና በበቅሎ ዞሩ። በ1968 ዓ.ም. የመጨረሻዋ የኢትዮጵያ ታማሚ ባሌ ውስጥ ተገኘች። በ1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ቁስቋም ግቢ የገባው በሽታ ዛሬ የለም ማለት ነው። አይገርምም?

ታዲያ ክትባት ብቻውን አይበቃም። ተቅማጥና ታይፎይድ በቆሻሻ ውሃ ይመጣሉ። የእኛው ከተማ ለዚህም ታሪክ አላት። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ መጸዳጃ ቤት የሚሠሩ የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። በዳባትም ሆነ በደባርቅ ገጠር አንድ ምንጭ ሲጎለብት፣ ማለትም ተሸፍኖና በቧንቧ ወጥቶ ከብት እንዳይረግጠው ሲደረግ፣ ስንት ሕፃን ከተቅማጥ እንደሚተርፍ አስቡ። ዛሬ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗል። ከምክንያቶቹ ሁለቱ ክትባትና ንጹሕ ውሃ ናቸው።

ጓደኞቼ፣ አሁን ሥራው የእኛ ነው። ፈንጣጣ ጠፋ እንጂ ኩፍኝ አልጠፋም፤ ሕፃናትን ዛሬም ይገድላል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ልጁ መሄድ ሲጀምር ሁለተኛውን የሚረሳ ቤት ብዙ ነው። ዛሬ ቤት ስትገቡ የታናናሾቻችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ እዩ። የጎደለ ካለ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ አንብቡላቸው፤ ማንበብ የተማርነው ለዚህም ነው እኮ። የምንጭ ውሃ የምትጠጡም አፍልታችሁ፣ በንጹሕና ክዳን ባለው ጀሪካን አስቀምጡ።

እቴጌ ምንትዋብ ለልጅ ልጆቻቸው ያላገኙትን እኛ ለታናናሾቻችን አናስቀርባቸው። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ 7ኛ ክፍል