ሰይጣንን ለማስታረቅ የወረዱት እናት

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ሐይቅ ከተማን ያገኛሉ፡፡ እዚያ የሚገኘው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ትልቅ የትምህርት ቦታ ነበር፡፡ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእኚህ መምህር ተምረው ወደ ሸዋ ከተመለሱ በኋላ፣ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ፡፡ ዛሬ የማነሳቸው ሴት የመነኮሱት በዚሁ በደብረ ሊባኖስ ነው፡፡

ክርስቶስ ሠምራ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ፣ የቡልጋ ተወላጅ፣ ባለጸጋ፣ ባለትዳርና የብዙ ልጆች እናት ነበሩ፡፡ ገድላቸው እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን በአገልጋያቸው ተቆጥተው የእሳት ትንታግ በአፏ ቢከቱባት ሞተች፡፡

ገድሉ ይህንን አልሸሸገም፡፡ እንደ ሕግ ተማሪ ሳነበው ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ከሳሹ ማነው የሚል ነው፡፡ በዚያ ዘመን እመቤቲቱን ስለ አንዲት ገረድ ሞት የሚሞግት ማን ይገኝ ነበር? የከሰሳቸው የገዛ ኅሊናቸው ነው፡፡ ልጅቱ ብትነሣ ሁሉን ትተው ሊመነኩሱ ተሳሉ፤ አልቅሰውም ጸለዩ፡፡ ተነሣች፡፡ እሳቸውም ስለታቸውን አላጠፉም፡፡ ትዳራቸውንና ሀብታቸውን ትተው ደብረ ሊባኖስ ገቡ፤ በኋላም ጣና ዳር ወዳለው ጓንጉት ተሻገሩ፡፡

ከሁሉ የሚገርመው የጸሎታቸው ርዕስ ነው፡፡ ሰይጣን ከፈጣሪው ጋር እንዲታረቅ ለመኑ፡፡ የዋህነት አይደለም፡፡ አሳቹ ከታረቀ የአዳም ልጆች ከኃጢአት ያርፋሉ፤ ችግሩን ከምንጩ ማድረቅ ማለት ነው፡፡ ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ወደ ሲኦል ቢወርዱ ሰይጣን ተቆጥቶ ጎትቶ ጣላቸው፡፡ መልአኩ አወጣቸው፤ ብዙ ነፍሳትም አብረዋቸው ወጡ ይላል ገድሉ፡፡ እንግዲህ ምሕረቱን የከለከለው ዳኛው ሳይሆን ተከሳሹ ራሱ ነበር፡፡

ነፍስ ያጠፋ ሰው ይቅር ከተባለ በኋላ ለማን ምሕረት ሊነፍግ ይችላል? የክርስቶስ ሠምራ ሕይወት ይህንን ይጠይቃል፡፡ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፡፡ እመቤቲቱ የከበሩት ገረዲቱ ከተነሣች በኋላ ነው፤ ምሕረቱ በሬሳዋ ላይ ተረማምዶ አልመጣም፡፡

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፡፡ ስለ ይቅርታ ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ ይቅር እንዲል የሚመከረው ገና ከወደቀበት ያልተነሣው ተበዳይ ነው፡፡ ሙታንን ማስነሣት አንችልም፡፡ ጥፋትን ማመንና መካስ ግን እንችላለን፤ የአገራችን ሽማግሌዎችም ያለዚህ ደም አያደርቁም፡፡ ምሕረት ከፍርድ ይበልጣል፤ የሚበልጠው ግን በደሉን በስሙ ሲጠራው ነው፡፡

ነሐሴ 24 ቀን በዓላቸውን ስናከብር ስሟ ያልተጻፈላትን ገረድም እናስባት፡፡