ክትባትን ሲያስፋፉ ጉዳቱን ያልሸሸጉት ሐኪም

ዶክተር ሄንሪ ኬምፔ በ1922 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያን ጊዜ የጀርመን ከተማ በነበረችው ብሬስላው ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ቤተሰቡ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ ወጣቱ ሄንሪም ካሊፎርኒያ ደርሰው ሕክምና ተማሩ። ስደት ምን እንደሆነ ለእኛ ትምህርት ቤት ወላጆች ማብራራት አያስፈልግም።

የሕፃናት ሐኪም ከሆኑ በኋላ ትኩረታቸውን የሳበው ፈንጣጣ ነበር። የፈንጣጣ ክትባት ዛሬ ልጆቻችን ከሚወስዷቸው ክትባቶች ይለያል። የፈንጣጣ ዘመድ የሆነ ሕያው ቫይረስ የክንድ ቆዳ በመርፌ እየተጫረ ይሰጥ ነበር። ቦታው ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል፣ ይደርቃል፣ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ለአብዛኛው ልጅ ነገሩ በዚህ ያበቃል። ችፌ ያለበት ልጅ ግን አንዳንዴ ከባድ መከራ ይደርስበት ነበር፤ ቫይረሱ በታመመው ቆዳ ላይ ይዛመትና ፊቱን፣ አንገቱንና ክንዱን በቁስል ይሸፍነዋል፤ ትኩሳቱም ይበረታል። የሚሞቱም ነበሩ። ይባስ ብሎ፣ ራሱ ያልተከተበ ልጅ እንኳ ከተከተበ ወንድሙ ወይም እህቱ ሊይዘው ይችል ነበር።

ኬምፔ በቅርቡ ከተከተቡ ሰዎች ደም ቫይረሱን የሚከላከለው ክፍል ተለይቶ ለእነዚህ ልጆች በመርፌ እንዲሰጥ አደረጉ፤ ሞትም ቀነሰ። ይህንኑ መድኃኒት ወደ ሕንድ፣ ማድራስ ወስደው ከአገሩ ሐኪሞች ጋር ለፈንጣጣ በሽተኞች ቤተሰቦች ሰጡ፤ ከቤተሰቡ የሚታመመውም ሰው አነሰ። በ1956 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው በ1962 ከባልደረቦቻቸው ጋር በቤታቸው ስለሚደበደቡ ሕፃናት ባወጡት ጽሑፍ ነው። እኔ ግን ይበልጥ ድፍረት የጠየቃቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ያደረጉት ይመስለኛል።

በ1965፣ የአሜሪካን ሕፃናት ሁሉ ፈንጣጣ መከተብ ይቁም ብለው ተከራከሩ። አገሪቱ ከ1949 ወዲህ ፈንጣጣ አላየችም፤ ክትባቱ ግን በየዓመቱ ጥቂት ሰዎችን ይገድል ነበር። በ1968 14 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተከትበው 9 መሞታቸው ተመዝግቧል። ቁጥሩ ኢምንት ነው፤ በሽታው በሌለበት አገር ግን ለ9ኙ ቤተሰቦች ምን ይባላል?

በሽታው ባለበት አገር ሒሳቡ ሌላ ነበር። አሜሪካ በ1972 ሕፃናትን ሁሉ መከተብ ስታቆም፣ በኢትዮጵያ ክትባት ሰጪዎች ተራራውን በእግርና በበቅሎ እያቋረጡ ገና ይከትቡ ነበር፤ ደግም አደረጉ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በ1976 ተገኘ። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በ1977 በሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ታመመ፤ እሱም ዳነ። ኬምፔ ይህን ሁሉ ለማየት በቅተው በ1984 ዐረፉ።